ሹሩባ ሲጠብቅ፣ ግንባር ሲሰፋ

የበዓል ዋዜማ ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከሠሪዋ ጉልበት መሃል ተቀምጣ ሹሩባ ትሠራለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ቻይው የኔ ልጅ፣ ጠበቅ ካላለ ቶሎ ይፈታል» ይሏታል። ማታ ራሷን ትራስ ላይ ማሳረፍ ያቅታታል፤ በሦስተኛው ቀን ከጉንጉኑ ሥር ብጉር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። እኔም እንዲህ ተሠርቼ ነው ያደግሁት። ያ ሕመም የጸጉሬ ሥር መጎዳቱን ሲነግረኝ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከጆሮዬ በላይ ያለው ጸጉር ሳስቶ ግንባሬ ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምር ነው።

በመጎተት የሚመጣ የጸጉር መመለጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1907 እ.ኤ.አ. ጸጉራቸውን አጥብቀው ያስሩ በነበሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ታይቶ ተጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ የኬፕታውኗ የቆዳ ሐኪም ኖንህላንህላ ኩማሎና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው አዋቂ ሴቶች 31.7 በመቶው ይህ ችግር ነበረባቸው፤ ከወንዶቹ 2.3 በመቶው ብቻ። ተማሪ ልጃገረዶችም ሲታዩ 17.1 በመቶው ተጠቅተው ተገኝተዋል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሪላክሰር በተባለ ማለስለሻ ኬሚካል በለሰለሰ ጸጉር ላይ ጥብቅ ጉንጉን ወይም የተሰፋ ተጨማሪ ጸጉር ሲታከልበት ነው። ሪላክሰሩ ጸጉሩን ያደክመዋል፤ ክብደቱና ጉተታው ይጨርሰዋል።

ቅቤ መቀባት ጸጉርን ያለሰልሳል እንጂ ከመጎተት አያድንም። ጉተታው ሲደጋገም የጸጉሩ ሥር ይቆጣል፣ ጸጉሩ እየቀጠነ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ አሠራሩ ከተለወጠ ይመለሳል። ዓመታት ካለፉ ግን ሥሩ በጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳ ላይ ደግሞ የትኛውም ቅባት ጸጉር አያበቅልም። ብዙ ሴቶች ወደ ሐኪም የሚሄዱት በሻሽ መሸፈን ሲያቅታቸው መሆኑ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር ሁሉንም የጸጉር መርገፍ «ጸጉሬ ተነቃቀለ» በሚል አንድ ስም መጥራታችን ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጸጉር ይረግፍበታል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ከኮቪድ በኋላ ግን ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ከመላው ራስ ላይ በእፍኝ ይረግፋል። ጸጉሯ የረገፈባት ሴት ትናንት የገዛችውን ሻምፖ ትከሳለች፤ መነሻው ግን ያለፈው ሕመም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የብረት ማዕድን እጥረትም መፈተሽ አለበት።

ላሽ ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን የጸጉር ሥር ሲያጠቃ፣ ሳንቲም የሚያህል ለስላሳ ክብ ቦታ ጸጉር አልባ ሆኖ ይቀራል። ቆረቆር ደግሞ ፈንገስ ነው፤ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ፈንገሱ ጸጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ነጭ ሽንኩርት ማሸት አያጠፋውም፤ ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መወሰድ አለበት። የወንዶች ራሰ በራነት ከዘርና ከሆርሞን ይመጣል። ከአናት መሃል ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ የሴቶች መመለጥ ግን ጠባሳ ሊተው ስለሚችል ቶሎ መታየት ይፈልጋል።

አሁን የምትሠራኝን ሴት ያገኘኋት ከብዙ ፍለጋ በኋላ ነው። ከግንባሬ ዳር ያሉትን ስስ ጸጉሮች አትነካቸውም፤ ከነሱ ወደ ኋላ ትጀምራለች። በየመሃሉ ጣቷን ከጉንጉኑ ሥር አስገብታ «ያምሻል እንዴ?» ትለኛለች። አዎ ካልኳት ፈትታ እንደገና ትሠራዋለች። ባለፈው ሳምንት ከጎኔ የተቀመጠች ትንሽ ልጅንም እንዲሁ ጠየቀቻት። ልጅቷ መጀመሪያ እናቷን ቀና ብላ አየች።