ከትርጓሜ ጉባኤ እስከ ምርምር ጆርናል

እ.ኤ.አ. በ1665 ዓ.ም. በፓሪስና በሎንዶን የመጀመሪያዎቹ የሊቃውንት መጽሔቶች ታትመው ሲወጡ፥ አፄ ፋሲለደስ በጎንደር ዙፋን ላይ ነበሩ፤ በከተማይቱም ማተሚያ መሣሪያ ባይኖርም፥ ዕውቀት በሊቃውንት ጉባኤ ሳይመረመር የማይጸናበት ሥርዓት ነበረ።

ይህን ሥርዓት ከትርጓሜ ቤት የበለጠ የሚገልጠው የለም። ደቀ መዝሙሩ ንባቡን አቅንቶ፥ ዜማውንና ቅኔውን ዘልቆ፥ ከጉባኤው ሲቀመጥ፥ መምህሩ የኃይለ ቃሉን አንድ ፍቺ ተናግረው አያበቁም፤ «አንድም» እያሉ ሌላውን ይጨምሩበታል፥ ታሪኩንና ሐተታውን ያመጡበታል። በ18ኛው መቶ ዓመት መምህር ኤስድሮስ ከአባቶች የተቀበሉትን ትርጓሜ እንደገና መርምረው ሲያቃኑ፥ ትምህርታቸው ታች ቤት፥ የቀደመው ላይ ቤት ተባለ። ቁም ጸሐፊውም ቢሆን ያለ እርማት አይታለፍም ነበር፤ ዛሬም በየዕቃ ቤቱ ያሉትን ብራናዎች የገለጠ ሰው በካራ የተፋቀ ፊደልና በመስመር መካከል በቀጭን ብዕር የገባ ቃል ያገኛል።

የዛሬውም ጆርናል ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ተመራማሪው ድርሰቱን ሲልክ አዘጋጁ ለዚያው ሙያ ሊቃውንት፥ ለሁለት ወይም ለሦስት፥ ያስተላልፈዋል፤ እነርሱም ብዙውን ጊዜ ስማቸው ተሰውሮ፥ ያለ ደመወዝ፥ ማስረጃው ያንሳል፥ ስሌቱ ተፋልሷል፥ የቀደመው ጥናት ተዘንግቷል እያሉ ይጽፉበታል፤ ጸሐፊው አርሞ ይመልሳል፥ ያለዚያ ድርሰቱ ይቀራል። (ተማሪ ፊት ለፊት በመምህሩ መረታት ይሻላል ወይስ ስሙ በማይታወቅ ሰው፥ እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ።) በአገራችን የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1962፥ ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ስታኒስላው ሆይናትስኪ ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 መታተም ጀመሩ። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የጤናና የማኅበራዊ ሳይንስ ጆርናሎችን ያሳትማል።

ድርሰቱ ከየት እንደሚመነጭ ለማየት ግን ከከተማ ወጥቶ ወደ ዳባት መሄድ ነው። በዚህ ደጋ ወረዳ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የልደትና የሞት ምዝገባ ያካሂዳል። መዝጋቢው ከቤት ቤት እየዞረ ማን እንደ ተወለደ፥ ማን እንዳገባ፥ ማን ቀዬውን ለቆ እንደ ሄደ ይጠይቃል፤ ሐዘን ከገባበት ቤት ሲደርስም፥ የሟቹ ሕመም በምን እንደ ጀመረ፥ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደ ቆየ፥ ሳል ነበረበት እንደ ሆነ ቤተ ሰቡን በትዕግሥት ያስነግራል፤ ሐኪሞችም ያን ቃል አንብበው የሞቱን ምክንያት ይፈርዳሉ። እናት ስለ ልጇ በአማርኛ የተናገረችው ቃል ከብዙ ሌላ ቃል ጋር ተደምሮ፥ በባሕር ማዶ በሚታተም ጆርናል የእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ አኃዝ ይሆናል።

እዚህ ላይ የገንዘብ ነገር ይመጣል። በቀድሞው ልማድ ጆርናሉን ለማንበብ አንባቢው ይከፍላል፤ በአዲሱ ልማድ አንባቢው በነጻ ያነብብ ዘንድ ደራሲው ይከፍላል፥ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሺህ ዶላር ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪ የተባለውን መርሐ ግብር ከአሳታሚዎች ጋር ከፍቶ ለድኃ አገሮች ንባቡን አቅልሏል፥ ለደራሲዎቻቸውም ክፍያውን የሚምሩ አሳታሚዎች አሉ፤ ነገር ግን በዚሁ በር ገንዘብ ተቀብለው ያለ ምርመራ የሚያትሙ አስመሳዮችም ገብተዋል፥ ዕድገቱ በታተመ ጽሑፍ ብዛት የሚለካው ወጣት መምህርም ለእነርሱ ቀላል ሲሳይ ነው።

ከክፍያው ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ቋንቋው ነው። ሊቃውንት በዓለም ቋንቋ መጻፋቸው የግድ ነው፤ ነገር ግን አባቶችም በግእዝ የተጻፈውን ለሕዝቡ በአማርኛ መተርጐማቸውን አልተዉም። እያንዳንዱ የዳባት ጥናት ሲታተም ግኝቱን የሚገልጥ አንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ፥ ከወረዳው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍና መዝጋቢውም በሚቀጥለው ዙር ለጠየቃት እናት ቢያነብላት፥ ወጪው ከወረቀትና ከቀለም አያልፍም።