በር ላይ የሚቆሙ መድኃኒቶች

አብዛኞቹ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ቫይረሱን የሚያሰናክሉት ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ማራቪሮክ ግን ደጃፍ ላይ ይጠብቀዋል። ኤችአይቪ ወደ ነጭ የደም ሴል ለመግባት መጀመሪያ ሲዲ4 የተባለውን ፕሮቲን ይይዛል፤ እሱ ብቻውን ስለማይበቃው ሲሲአር5 ወይም ሲኤክስሲአር4 ከተባሉት አንዱን ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የተፈቀደው ማራቪሮክ ሲሲአር5 ላይ ተጣብቆ ቅርጹን ይለውጣል፤ ቫይረሱን ራሱን አይነካውም። ብልሃቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል፣ የሰውየው ፕሮቲን ግን ያው ነው።

የገዛ አካልን ፕሮቲን መዝጋት አይጎዳም ወይ ቢባል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ1996 ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ ሲሲአር5 በተፈጥሮ የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ በሰሜን አውሮፓ። ኤችአይቪ እምብዛም አይዛቸውም፣ በአብዛኛውም ጤነኞች ናቸው። ከዚህ የሚከብደው ችግር ሌላ ነው፦ አንዳንዱ ቫይረስ በሲኤክስሲአር4 ስለሚገባ መድኃኒቱ አያግደውም። ሐኪሙም ማራቪሮክን ከማዘዙ በፊት የበሽተኛው ቫይረስ በየትኛው እንደሚገባ ማስመርመር ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ዕጣ የሚወሰነው በራሱ ጉልበት ሳይሆን ቫይረሱ ባለው የበር ብዛት ነው።

ለዚህ ሄፓታይተስ ዲ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህ ቫይረስ ከሄፓታይተስ ቢ በተዋሰው ሽፋን ተጠቅልሎ ወደ ጉበት ሴል የሚገባው ኤንቲሲፒ በተባለው የሐሞት ጨው አስገቢ ፕሮቲን በኩል ብቻ ሲሆን፣ ይህ የታወቀው በ2012 ነው። ቡሌቨርታይድ የተባለው መድኃኒት ከዚያው ሽፋን ክፍል የተቀዳ ሰው ሠራሽ የፕሮቲን ሰንሰለት ነው፤ ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። በእርግጥ የሐሞት ጨው በደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሕመም አያስከትልም። አስቀድሞ የተያዘውን ሴል ምን ያደርገዋል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ምንም አያደርገውም። ነገር ግን የጉበት ሴሎች ይሞታሉ፣ በአዲስም ይተካሉ፤ መድኃኒቱ የሚጠብቀው አዲሶቹን ነው። በቀን 2 ሚሊግራም ለ48 ሳምንታት ከተወጉት መካከል የቫይረሱ መጠን ቢያንስ መቶ እጥፍ የወረደላቸው ወይም የጠፋላቸው፣ የጉበት ኢንዛይማቸውም የተስተካከለላቸው 45 በመቶ ነበሩ፤ ሕክምናው ከዘገየላቸው ግን 2 በመቶ ብቻ። ጊዜ የሚወስደውም ለዚሁ ነው፤ የቆየው ሴል እስኪተካ መርፌው በየቀኑ መቀጠል አለበት።