ስለ ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ረሽ አመራረጥ

ከወልድያ ተነሥቶ የደሴን መንገድ ይዞ የወረደ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ የሀብሩን ዋና ከተማ መርሳን ያገኛል። በዚያ አገር ማሽላው ከታጨደ በኋላ ጅግራና ቆቅ የረገፈውን እህል ለመልቀም በማለዳ ይወጣሉ። ከመርሳ አልፎ ወደ ደቡብ የቀጠለ እንደ ሆነ ደግሞ በተሁለደሬ ምድር የሐይቅን ባሕር ያያል፤ ይብራና ዳክዬም ትዝ ይሉታል። ስለዚህ ረሽ ለመግዛት፥ ወይም ከአባቱ የወረሰውን ለማደስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ «ለየትኛው ወፍ ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ዳክዬና ይብራ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ዘንድ ለማዕድ አይቀርቡም። ለመብል የማይሆነውን ነፍስ ለጨዋታ ብሎ ማጥፋትም ለጨዋ ሰው አይገባም። ዳክዬ ለሚበላም ቢሆን ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ውኃ ውስጥ የወደቀውን የእርሳስ ፍሬ ዳክዬ ከጠጠር ጋራ ውጣ በመርዙ መሞቷ ነው። ስለዚህም አሜሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. በውኃ ወፎች ላይ እርሳስ መተኮስን በመላ አገሯ ከለከለች። በእርሳስ ፈንታ የመጣው የብረት ፍሬ ግን ጠንካራ ስለ ሆነ አፉ የጠበበውን አሮጌ ረሽ ይጎዳል። እንግዲህ የአባት ቅርስ የሆነው ረሽ ለጅግራና ለቆቅ እንጂ ለዳክዬ አይመከርም።

የረሽ ስፋት በቁጥር ይጠራል። ከ1 ፓውንድ እርሳስ 12 ድብልብል ጥይት ቢሠራ፥ አንዱ በልኩ የሚገባበት አፈ ሙዝ 12 ቁጥር ይባላል፤ ስፋቱም 18.5 ሚሊ ሜትር ነው። 20 ቁጥር ግን 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲበዛ አፉ ይጠባል ማለት ነው። የሀብሩን ዳገት በእግሩ ለሚወጣ ሰው ቀላሉ 20 ቁጥር ለጅግራ ይበቃዋል።

ከሁለቱ አፈ ሙዞች ብዙውን ጊዜ የቀኙ ሰፋ፥ የግራው ጠበብ ያለ ነው፤ የፊተኛው ለቅርብ፥ የኋለኛው ለራቀ ወፍ ያገለግላል። በልማዳችን ሳይታረድ የሞተ ስለማይበላ፥ አዳኝ ነፍሷ ሳትወጣ በቢላዋ ሊደርስባት ከሚችል ርቀት አልፎ መተኮስ የለበትም። ስለዚህ ሩቅ እመታለሁ ብሎ እጅግ የጠበበውን መምረጥ አያሻም።

ረሹን ሲመርጡ ዓይንን ጨፍኖ ወደ ጉንጭ ማንሣትና ዓይንን መግለጥ ነው፤ ዓይን በሁለቱ አፈ ሙዞች መካከል ቀጥ ብሎ ካየ ሰደፉ በልክ ነው። አሮጌ የሆነ እንደ ሆነ አፈ ሙዞቹን ፈትቶ በጣት አንጠልጥሎ መታ መታ ማድረግ ነው፤ እንደ ደወል ካልጮኸ ብየዳው ላልቷል። ብረቱ የተጠማዘዘ መልክ ካለውም ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ይሆናልና፥ ዐዋቂ ሳያየው የዛሬን ጥይት መተኮስ ለእጅና ለዓይን አደጋ ነው።

ይህ መሣሪያ ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ትልቅ ጥቅም አንድ ነው፤ ሲታጠፍ ባዶነቱን እመቤቲቱም ልጆቹም ያያሉ። ስለዚህ አባወራ ደጃፉን ሳይረግጥ ይጠፈው፤ ጥይቱን በአንድ ሣጥን፥ ረሹን በሌላ ይቈልፍ። ልጅ የአባቱን ነገር ሁሉ መንካት ይወዳልና። ሥጋውን የምታሰናዳውም ሴት የእርሳሱን ፍሬ ፈልጋ ታውጣ፤ እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ ክፉ ነው።

መሣሪያ መያዝም ሆነ ማደን ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ ስለ መሣሪያው በ2012 ዓ.ም. 1177 ቁጥር፥ ስለ ዱር እንስሳት በ1999 ዓ.ም. 541 ቁጥር አዋጅ ወጥቷል። ረሽ የሚገዛ ሰው እንግዲህ የሰደፉን ጌጥ ከማድነቁ በፊት ፈቃዱን፥ የትከሻውን ልክና ቁልፍ ያለውን ሣጥን ያሰናዳ።