የቡላ አጥሚት

ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ገበያ ቆጮና ቡላ ከሚሸጡ እናቶች ፊት ቆም ብሎ ያየ እንግዳ፣ ሁለቱ ከአንድ ተክል የወጡ አይመስሉትም። ቆጮው ጠቆር ያለ፣ ቃጫ የበዛበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚታወቅ ነው። ቡላው ነጭና እርጥብ ሆኖ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሏል። የሚያውቅ ገዢ ቆንጠር አድርጎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሸዋል። ጥሩ ቡላ አይሻክርም፤ እንደ ልም ዱቄት ይንሸራተታል።

ልስላሴው በብዙ ድካም የመጣ ነው። እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ አገሩ ከፍታ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አበባ የሚያወጣው በዕድሜው አንዴ ነውና የሚቆረጠው አበባው ሊወጣ ሲል ነው፤ ስታርቹ ተጠራቅሞ የሚገኘው ያኔ ነው። ፍቂያው የሴቶች ሥራ ነው። ግንድ የሚመስለው የቅጠሉ ማቀፊያ ተልጦ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይደገፍና በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሥሩም ተቆፍሮ ይፈጨፈጫል። ከዚያ ሁሉም ይጨመቃል። ነጭ ወተት የመሰለው ጭማቂ ሲቀመጥ ስታርቹ ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠለለው ውሃ ሲደፋ ከሥር የቀረው ቡላ ነው። የተጨመቀው ክፍል ጉድጓድ ገብቶ ይብላላና ቆጮ ይሆናል፤ ቃጫው ለገመድና ለጆንያ ይውላል። ከአንድ ትልቅ እንሰት የሚገኘው ቡላ ከቆጮው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ዋጋው ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው። 20 ሚሊዮን ገደማ ኢትዮጵያውያን በእንሰት ይኖራሉ። የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተመውን መጽሐፍ ርእስ ሲያወጣለት ከሕዝቡ ስም ጎን ያስቀመጠው ይህንኑ ተክል ነው።

ከቡላ ገንፎም ፍርፍርም ይሠራል፤ እኔ የማደላው ግን ለአጥሚቱ ነው። ቡላው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ በቀጥታ ፍል ውሃ ላይ ቢነሰነስ ወዲያው ይጓጉላል። ብጥብጡ እየተማሰለ ወደ ፈላው ወተት ወይም ውሃ ቀስ ብሎ ይንቆረቆራል። ሙቀቱ 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የስታርቹ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ። ነጭ የነበረው ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ማማሰያውም ይከብዳል። መብሰሉ የሚለየው በዚህ ነው፤ ነጭነቱ ሳይለቅ ከወረደ ጥሬ ጥሬ ይላል። ማር ወይም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ የተወቀጠ ኮረሪማና ንጥር ቅቤ ይጨመርበትና ትኩሱን ይጠጣል።

ቬትናም ውስጥ የዚህ ዘመድ የሚሆን ቼ የሚሉት ጣፋጭ አለ። ማሾ ወይም ሌላ ባቄላ፣ አንዳንዱም በቆሎ፣ በስኳር ይቀቀላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያወፍረው የካሳቫ ስታርች ነው፤ የኮኮናት ወተትም ይፈስበታል። በሙቀት ጊዜ ከበረዶ ጋር፣ በብርድ ጊዜ በትኩሱ ይቀርባል። የሚሸጠውም በየመንገዱ ዳር ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም አነስተኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በማንኪያ ይበላዋል፣ ሁሉም የሚወደው ሻጭ አለው።

የእኛ ቡላ አጥሚት ግን በአብዛኛው የሚታሰበው አራስ ሲጠየቅ ወይም ሰው ሲታመም ነው። ለአራስ መሠራቱ ደግ ነው፤ ከወለደች ሴት በላይ ማን ይገባዋል? ሆኖም ጤነኛውም ሊጠጣው የሚወድ ምግብ በሕመም ስም መታሰሩ ይቆጨኛል። ወልቂጤ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ በብርዱ ማለዳ ከሻይ ሌላ ምርጫ ቢያገኝ ምን አለበት? የሚያስፈልገው ድስት፣ ከሰል፣ ኩባያና እጇ የማይደክም ሴት ናት፤ ቡላው ከዚያው ገበያ ይገኛል። ስኳሩን ወይም ማሩን ጠጪው ይምረጥ፤ ኮረሪማው ግን እዚያው ፊቱ ይወቀጥለት።