በዙሪያው ያለው ሥጋም ይናገራል፦ የውጫዊ ብልት ካንሰርና የምርመራ ወረቀታችሁ

ሪያድ፦ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በማሳከክ ነው። ቀኑን ሙሉ ከክሎርና ከሳሙና ጋር ለምትውል ሴት «የሳሙናው ነው» ማለት ይቀላታል። ከፋርማሲ ቅባት ገዝታ ትሞክራለች። ለማዳም መንገር ያሳፍራል፤ በአረብኛ ማስረዳት ደግሞ ይከብዳል። በዚህ መሀል ወራት ያልፋሉ።

አብዛኛው ማሳከክ ካንሰር አይደለም። የሴት ውጫዊ ብልት ካንሰር ከማህፀን በር ካንሰር ጋር ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ነው። ነገር ግን ለሳምንታት ያልለቀቀ ማሳከክ፣ የማይድን ቁስል፣ እብጠት፣ ኪንታሮት የሚመስል ነገር፣ የቆዳው መንጣት ወይም መጥቆር፣ ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም ካለ ሐኪም ማየት አለበት። ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ፣ ቆዳን የሚያነጣና የሚያሳሳ የቆየ ሕመም፣ ኤች አይ ቪና ማጨስ አደጋውን ይጨምራሉ።

ሐኪሟ ከተጠራጠረች ትንሽ ናሙና ቆርጣ ወደ ላቦራቶሪ ትልካለች። እዚያ በማይክሮስኮፕ የሚታየው እብጠቱ ብቻ አይደለም። ካንሰሩ ከላይኛው ቆዳ አልፎ ወደ ታች ሲገባ በዙሪያው ያለው ሥጋ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዳንዴ የሰውነት ተከላካይ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ይከቡታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሥጋው ራሱ ይለወጣል፤ ልል፣ ውሃ የቋጠረና ንፍጥ መሰል ይሆናል። ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉት ይህ ሁለተኛው ለውጥ ከታየ ካንሰሩ ወደ ብሽሽት ንፍፊት የመድረስ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ የታማሚዋም ተስፋ ይቀንሳል።

ይህ ግን ብቻውን ፍርድ አይደለም። ሐኪሞች ከሁሉ በላይ የሚያዩት ንፍፊቱ መነካቱን፣ የእብጠቱን ስፋት፣ ወደ ውስጥ የገባበትን ጥልቀትና በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን ነው። ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ1 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ንፍፊቱን ማውጣት ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። በአሜሪካ የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው በሽታው ከብልት ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሴቶች ከ10ሩ ከ8 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ንፍፊት ከደረሰ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በወራት መዘግየት የሚታጣው ይህ ልዩነት ነው።

ስለዚህ፣ እህቶች፣ ይህ ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት የእናንተ ነው። ናሙና ከተወሰደ በኋላ «አብጋ ኑስኻ ሚን አልተቅሪር» በሉ፤ «የሪፖርቱን ቅጂ እፈልጋለሁ» ማለት ነው። አሰሪያችሁ ቢያስተረጉሙላችሁም ወረቀቱ በእጃችሁ ይሁን፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ሐኪሟን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጥልቀቱ ስንት ነው? ጠርዙ ንጹሕ ነው? ንፍፊት ላይ ደርሷል?

ሕክምናው ሳያልቅ ወደ አገር ቤት የምትመለስ ሴት ይህ ወረቀት ይበልጥ ያስፈልጋታል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ በነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ ቦታ ሐኪሞች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ውጤትሽ የታለ?» ነው። የናሙናውን ስላይድ ከሆስፒታሉ መጠየቅም ይቻላል፤ እንደገና ሊታይ ይችላልና።

ከመንፉሃም ሆነ ከየትኛውም የሪያድ ሰፈር ምክር የምትፈልጉ ወደ ሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የስልክ መስመር 937 መደወል ትችላላችሁ፤ ሌት ተቀን ይሠራል። ክሊኒክ ስትሄዱ «ዶክቶራ» ብላችሁ ሴት ሐኪም ጠይቁ። አገር ቤት ያሉ ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ ኢትዮጵያ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለልጃገረዶች የኤች ፒ ቪ ክትባት ትሰጣለች።