የጣት አሻራ፦ «ማን ነካ» እንጂ «ማን በደለ» አይልም

እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ኔኮቼያ ሁለት ሕፃናት ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ተገኙ። አንደኛው የ6፣ ሌላዋ የ4 ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ፍራንሲስካ ሮሃስ አንገቷ ላይ ቁስል ነበረባት፤ ገዳዩ እገሌ ነው ብላም አንድ ጎረቤቷን ከሰሰች። ፖሊስ ሰውየውን ያዘው፣ ደበደበው፣ ሌሊቱን ከሕፃናቱ አስከሬን ጋር አሳደረው። ሰውየው ግን «እኔ አይደለሁም» ከማለት ፈቀቅ አላለም።

ቆይቶ ኤድዋርዶ አልቫሬዝ የተባለ መርማሪ ከላ ፕላታ ከተማ መጣ። ቤቱን እንደገና ሲፈትሽ በሩ ላይ የደረቀ ደም፣ ደሙ ላይም የአውራ ጣት ምልክት አየ። እንጨቱን ቆርጦ ወሰደው። የእናትየዋን ጣት ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ አሳረፈና ሁለቱን በማጉያ መነጽር አስተያያቸው። አንድ ሆኑ። ሴትየዋ ልጆቿን ራሷ መግደሏን አመነች፤ ዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደባት። በዓለም ላይ በጣት አሻራ ከተፈቱት የግድያ ወንጀሎች የመጀመሪያው ይህ እንደሆነ ይነገራል። ዘዴውን ለአልቫሬዝ ያስተማረው ሁዋን ቩሴቲች የተባለ ትውልደ ክሮኤሺያ የፖሊስ ባልደረባ ሲሆን የእስረኞችን አሻራ መሰብሰብ የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ታሪኩን ረጋ ብሎ ላየው አንድ ጥያቄ ያስነሳል። አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ በር ላይ አሻራዋ ቢገኝ ምን ይገርማል? በየቀኑ ስትከፍተውና ስትዘጋው የኖረች ናት። ነገሩን የለወጠው ደሙ ነው። አሻራው ያረፈው ደሙ ሳይደርቅ ነውና ሰዓቱን አብሮ ተናገረ። አሻራው የመለሰው «ማን ነካ?» የሚለውን ብቻ ነበር፤ «መቼ?» የሚለውን ደሙ፣ «ለምን?» የሚለውን ደግሞ ምርመራው መለሱ። የወንጀል ምርመራ መሠረቱ እነዚህን ጥያቄዎች ለያይቶ ማወቅ፣ ለእያንዳንዱም ሊመልሰው የሚችለውን ማስረጃ መፈለግ ነው።

ከማሕፀን የሚወጣ ፊርማ

በጣታችን፣ በመዳፋችንና በእግራችን ውስጠኛ ክፍል ያለው ቆዳ እንደሌላው የሰውነታችን ቆዳ ልሙጥ አይደለም፤ ቀጫጭን ሸንተረሮች አሉት። ሸንተረሮቹ መሠራት የሚጀምሩት ፅንሱ 10 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ስድስተኛው ወር ላይ ቅርጻቸው ይጸናል። የዘር ውርስ ጠቅላላውን ቅርጽ ይወስናል። ዝርዝሩን የሚወስኑት ግን በዚያን ጊዜ በጣቱ ጫፍ ላይ የሚያርፈው ግፊትና የቆዳው አስተዳደግ ናቸው። ስለዚህ በዲኤንኤ ምርመራ በቀላሉ የማይለዩ መንትዮች እንኳ በአሻራቸው ይለያያሉ።

የቅርጹ ሥር ያለው በቆዳው ውስጠኛ ንብርብር ስለሆነ ላይ ላዩን ቢቃጠል ወይም ቢፋቅ ተመልሶ ያንኑ ይዞ ይበቅላል። ጥልቅ ቁስል ግን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም ራሱ ሌላ መለያ ይሆናል። አሻራውን ለማጥፋት ጣቱን የሚያቆስል ሰው ብዙውን ጊዜ ምልክት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የአሻራ ጠቅላላ ቅርጾች በሦስት ይከፈላሉ። በአንድ በኩል ገብቶ በዚያው በኩል የሚመለሰው ማጠፊያ በብዛት የሚታየው ነው፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው አሻራ ይህ ቅርጽ አለው። እንደ አዙሪት የሚዞረው ሲሦ ያህሉን ይይዛል። ከአንድ ጎን ወደ ሌላው የሚያልፈው ቅስት ከሁሉም ጥቂቱ ነው። ሰውን ከሰው የሚለዩት ግን ዝርዝር ነጥቦቹ ናቸው፦ አንድ ሸንተረር የት እንደሚቋረጥ፣ የት ለሁለት እንደሚከፈል፣ በሁለት ሸንተረሮች መካከል ነጥብ ወይም አጭር መስመር መኖሩ። መርማሪ የሚያነጻጽረው የእነዚህን ዓይነት፣ አቅጣጫና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ነው።

ከውል ወረቀት ወደ ፍርድ ቤት

አሻራ ወደ ዘመናዊ አስተዳደር የገባው በወንጀል በር አይደለም። በ1858 በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ ቤንጋል ውስጥ፣ ዊልያም ኸርሸል የተባለ ሹም አንድ ነጋዴ «ውሉን አልፈረምኩም» ብሎ እንዳይክድ የመዳፉን ምልክት ከውሉ ጀርባ አስነካው። በ1880 ደግሞ በጃፓን ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሄንሪ ፎልድስ፣ ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ የሚገኝ አሻራ ወንጀለኛውን ሊያሳይ እንደሚችል «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፈ።

ቀሪው ችግር የመዝገብ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካርዶች ቢሰበሰቡ ከመካከላቸው አንዱን ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው እንዴት ነው? መልሱ የተገኘው ካልካታ ነው። አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦስ የተባሉ ሁለት ሕንዳውያን የፖሊስ ባልደረቦች አሥሩን ጣቶች ሁለት ሁለት አድርገው በአምስት ጥንድ ከፈሏቸው፤ አዙሪት ላለበት ጣት እንደየጥንዱ 16፣ 8፣ 4፣ 2 ወይም 1 ቁጥር ሰጡ። ከየጥንዱ የአንዱ ጣት ቁጥር ለብቻ፣ የሌላው ለብቻ ይደመራል፤ ሁለቱ ድምሮች አንድን ሰው ከ1,024 ምድቦች በአንዱ ያስቀምጡታል። ጸሐፊው መላውን ክምችት ማገላበጥ ቀርቶለት ያንን አንድ መሳቢያ ብቻ ይከፍታል ማለት ነው። በ1897 ካልካታ ውስጥ የአሻራ ቢሮ ተቋቋመ፤ በ1901 የለንደኑ ፖሊስ ስኮትላንድ ያርድም ዘዴውን ተቀበለ። ስሙ ግን «የሄንሪ ዘዴ» ሆኖ ቀረ። ኤድዋርድ ሄንሪ የሁለቱ አለቃ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ በለንደን ደትፎርድ ሠፈር አንድ የሱቅ ኃላፊና ሚስቱ በዘራፊዎች ተገደሉ። አንድ ወተት አመላላሽ ሁለት ሰዎች ከሱቁ ሲወጡ አይቶ ነበር፤ ተጠርጣሪዎቹ ሲቀርቡለት ግን ሊለያቸው አልቻለም። በገንዘብ ሣጥኑ ላይ የነበረው የአውራ ጣት አሻራ ከሁለቱ ተጠርጣሪ ወንድማማቾች የአንደኛው ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም በስቅላት ተቀጡ። የዓይን ምስክር ያልቻለውን የገንዘብ ሣጥን ቻለ። ሣጥኑ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ስለሆነ የማያውቁት ሰው ጣት እዚያ የሚያርፍበት ቅን ምክንያት ለመስጠት ያስቸግራል። የአሻራው ክብደት የመጣው ከቦታው ነው።

የማይታየውን ማውጣት

በቀለም፣ በደም ወይም በቅባት የተነካ ጣት በዓይን የሚታይ አሻራ ይተዋል። ሳሙና፣ ሻማ ወይም እርጥብ ጭቃ ላይ ያረፈ ደግሞ ቅርጹን ያትማል። መርማሪን የሚያደክመው ሦስተኛው፣ ድብቁ አሻራ ነው። ከጣት የሚወጣው ላብ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃው ሲተን ጨው፣ አሚኖ አሲድና ፊትን ወይም ፀጉርን በመነካካት የመጣ ቅባት ይቀራሉ። እነዚህ ናቸው የሚታደኑት።

አደኑ እንደ ዕቃው ይለያያል። መስታወትና ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ደቃቅ ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ይነሰነሳል፤ ዱቄቱ ቅባቱ ላይ ይጣበቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በሚያጣብቅ ፕላስቲክም ይለቀማል። ወረቀት ላይ ግን ላቡ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ዱቄት ብዙ አይረዳም። ኒንሃይድሪን የተባለ ኬሚካል ከአሚኖ አሲዱ ጋር ሲዋሐድ ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል፤ ዓመታት ያለፉት ደብዳቤ ላይ እንኳ አሻራ ሊገኝ ይችላል። ለፕላስቲክ ከረጢትና ለጠርሙስ ደግሞ ሱፐር ግሉ ያገለግላል። ማጣበቂያው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲሞቅ እንፋሎቱ በሸንተረሮቹ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አንዱ ዘዴ ለሌላው የሚያስፈልገውን ሊያጠፋ ይችላልና መጀመሪያ ምንም የማይነካው ይቀድማል፦ በመብራት ማየት፣ ፎቶ ማንሣት፣ መለካት፣ በሥዕል ማስፈር። ከዚያ ዕቃው ለብቻው ይታሸጋል፤ ማን እንዳገኘው፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንደተላለፈ ይጻፍበታል። ፍርድ ቤት የቀረበው ኤግዚቢት ከቦታው የተነሣው ያው ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጠው ይህ የርክክብ መዝገብ ነው። በመካከል አንድ ፊርማ ከጎደለ ተከላካይ ጠበቃው የሚይዘው እርሱን ነው፤ ትክክልም ነው።

ባለሙያ ሲሳሳት

መጋቢት 2004 እ.ኤ.አ. በማድሪድ ባቡሮች ላይ በፈነዱ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። የስፔን ፖሊስ ማፈንጃ ካፕሱል የነበረበት ፕላስቲክ ከረጢት ላይ አሻራ አገኘና ምስሉን ለሌሎች አገሮች ላከ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ኮምፒውተር ተቀራራቢ የሆኑ 20 አሻራዎችን አወጣ፤ ከእነርሱ አንዱ በኦሪገን ግዛት የሚኖር አንድ ጠበቃ አሻራ ነበር። ሦስት የኤፍቢአይ ባለሙያዎች «የእሱ ነው» አሉ። ፍርድ ቤት የመደበው ሌላ ባለሙያም ተስማማ። ጠበቃው ለሁለት ሳምንት ያህል ከታሰረ በኋላ ስፔን አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አስታወቀች። ኤፍቢአይ ይቅርታ ጠየቀ፤ መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለ።

በኋላ የተደረገው ማጣራት የስሕተቱን መንገድ አሳየ። ሁለቱ አሻራዎች በእውነትም ባልተለመደ ሁኔታ ይመሳሰሉ ነበር። ኮምፒውተሩ በሚሊዮኖች መካከል እጅግ ተመሳሳዩን እንዲፈልግ የተሠራ ነውና ምስስሉ ሊያስደንቅ አይገባም ነበር። የመጀመሪያው ባለሙያ ካመነ በኋላ ግን የጠበቃውን ጥርት ያለ አሻራ እያየ ብዥ ባለው ውስጥ ያንኑ ማግኘት ጀመረ። አረጋጋጮቹ የቀደመውን ውሳኔ አውቀው ነው የተመለከቱት። ስፔን «አይመሳሰልም» ስትልም በቅጡ መለስ ብሎ ያየ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በ2011 በአሜሪካ 169 ባለሙያዎች በተፈተኑበት ጥናት፣ የአንዱን አሻራ የሌላው ነው የማለት ስሕተት 0.1 በመቶ፣ የአንድን ሰው አሻራ የሱ አይደለም የማለት ደግሞ 7.5 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የመጀመሪያው ቁጥር ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ስለዚህ ጥንቁቅ ቤተ ሙከራ ባለሙያው መጀመሪያ ብዥ ያለውን ብቻ አይቶ ነጥቦቹን እንዲመዘግብ፣ የተጠርጣሪውን ከዚያ በኋላ እንዲያይ ያደርጋል። አረጋጋጩም የመጀመሪያውን መልስ ሳያውቅ ይሠራል።

እኛ ዘንድ

ያልታወቀ በዳይን ፍለጋ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። በሌባሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ሁለቱም እውነትን ከሰው ይሻሉ፤ አንዱ ከአንደበቱ፣ ሌላው ከእግሩ። ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንዳይኖረው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በተግባር እንዲኖር መርማሪው ከዱላ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። የኔኮቼያው ጎረቤት በድብደባ ቢያምን ኖሮ በሩ ላይ ያለውን ደም ማንም ዞሮ አያየውም ነበር።

አሻራን ከወንጀል ውጭም በደንብ እናውቀዋለን። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ወይም መኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያስመሰክረው በአሥር ጣቱ ነው። ፋይዳ መታወቂያም አሥር ጣት ይወስዳል። በሲሚንቶ፣ በሽመና ወይም በልብስ አጠባ ጣታቸው የተፋቀ ሰዎች መሣሪያው አሻራቸውን እስኪያነብ ድረስ ደጋግመው ይጫናሉ።

ከሁሉ ይልቅ የአሻራን ልክ ያወቀው ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይመስለኛል። አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ውል ላይ ያሳረፈው አሻራ ባለሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ጣቱ የራሱ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። ሕጉ የጠየቀው ወረቀቱ ምን እንደሚል ተነግሮት፣ ፈቅዶ መንካቱን ነው። የወንጀል ዳኛም አሻራ ሲቀርብለት መጠየቅ ያለበት ከዚህ የተለየ አይደለም፦ ጣቱ የሱ ነው፤ እሺ፣ እዚያ እንዴት ደረሰ?

ይህ ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ ግን ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ መትረፍ አለበት። ቤቱ የተሰረቀበት ሰው ወዲያው መሳቢያ ይከፍታል፣ የተገለበጠውን ያቃናል፤ ጎረቤትም «እግዚአብሔር ይተካ» ለማለት ይገባል፣ የተሰበረውን መስኮት እየነካ ያያል። ክፋት የለበትም፤ ግን ሌባው ከተወው አሻራ ላይ የደርዘን ሰው አሻራ ይደረብበታል። ሐዘኑን በረንዳ ላይ መቀበል ይቻላል። ሰው ካልተጎዳ በስተቀር በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ምንም ሳይነኩ መውጣት፣ ፖሊስ እስኪመጣም ማንንም አለማስገባት፣ ከዚያም ማን ገብቶ ምን እንደነካ ሳይደብቁ መናገር፦ ምርመራው የሚጀምረው በባለቤቱ ነው።