ቀለሙ አዲስ፣ ብረቱ አሮጌ፦ የአባትን ብስክሌት ከመሸጥዎ በፊት

በብዙ ቤት ዕቃ ቤት ጥግ ማንም የማይነዳው፣ ማንም ግን "ይጣል" ለማለት የማይደፍረው አንድ ብስክሌት አይጠፋም። አባት በወጣትነታቸው የነዱት ወይም አጎት ከውጭ ይዘውት የመጡ ይሆናል። ጎማው አልቋል፣ ኮርቻው ተሰነጣጥቋል፤ ፍሬሙ ግን እንዳለ ነው። እርስዎም ምናልባት አንድ ክረምት ተነሣሥተው ዝገቱን አስፍቀው፣ ቀለም አስቀብተው፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ይሆናል። አሁን ደግሞ ቤቱ ጠበበ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰና "ብሸጠውስ?" ማለት ጀምረዋል።

መሸጡ ነውር የለውም። ነገር ግን የታደሰ የብረት ፍሬም እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን አይሸጥም። ገዢው ነገ ጎማ አስገጥሞ ቁልቁለት ሊወርድበት ይችላል። አዲሱ ቀለም ውበቱን ያወጣውን ያህል የድሮ ጉዳቱንም ሸፍኗል። ስለዚህ ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ቀለሙ ሥር ያለውን ይወቁ፤ ያወቁትንም ለገዢው ይንገሩ።

መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቁ

አባትዎ በሕይወት ካሉ ሥራው የሚጀምረው ከእርሳቸው ነው። ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሲሰበሰብ፣ "አባዬ፣ ይቺን ብስክሌት ብንሸጣት ምን ይሉናል?" ብለው ይጠይቁ። "አይሸጥም" ካሉ ነገሩ እዚያው አለቀ። ከፈቀዱ ግን ወዲያው ወደ ገበያ አይሩጡ፤ ደብተር ይዘው ታሪኩን ይጻፉ። መቼ ገዙት? ከማን? የት የት ነዱት? ምኑ ተቀየረ?

በተለይ ስለ መውደቅ ይጠይቁ። በየበዓሉ እየሳቁ የሚያወሩት "ከእንጦጦ ስወርድ ከአህያ ጋር ተጋጭቼ" የሚለው ዓይነት ጨዋታ ለቤተሰቡ መሳቂያ ነው፤ ለገዢው ግን ዋና መረጃ ነው። የፊት ግጭት ፍሬም ላይ ምልክት ይተዋል፤ እርስዎ ያስቀቡት ቀለም ምልክቱን ደብቆት ሊሆን ይችላል።

በእጅዎ ያለው ምንድን ነው?

አሉሚኒየምና ካርበን ፋይበር ከመስፋፋታቸው በፊት የዓለም ታላላቅ የጎዳና እሽቅድድሞች የሚካሄዱት በብረት ብስክሌት ነበር። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 የተባለውን ታዋቂ ቱቦ በ1935 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ብረቱ ከማንጋኒዝና ከሞሊብዲነም ጋር የተቀላቀለ ነው። በጣሊያን በኩል የኮሎምቡስ ቱቦ እኩል ስም አለው። የእነዚህ ቱቦዎች ጥበብ ውፍረታቸው ላይ ነው፤ ብየዳው በሚያርፍበት ጫፍ ወፈር፣ መሐል ላይ ደግሞ ሳሳ ብለው ይሠራሉ። በቀላል የእሽቅድድም ፍሬም መሐሉ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ለዚህ ነው ዝገት ሲፈቅ በሞተር መፈግፈጊያ ብዙ የተጋጠ ፍሬም የሚያሰጋው።

የብስክሌት እሽቅድድም ለኛም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከልዑካኑ መካከል ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በእጅዎ ያለው ፍሬም የዚህ ስፖርት የቀድሞ ዘመን ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ተራ የመንደር ብስክሌትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት የሚከተሉትን ይመልከቱ፦

- ፔዳሉ የሚዞርበትን የታችኛውን ቱቦ ስፋት በካሊፐር ይለኩ። የጣሊያን ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ 70 ሚሊሜትር ነው፤ የእንግሊዝ ደግሞ 68። የብሎን ጥርሳቸውም ይለያያል፤ በእንግሊዙ የቀኙ ጎን የሚፈታው በተቃራኒ አዟዟር ነው። ይህን ሳያውቅ በኃይል የፈታ መካኒክ ጥርሱን ይበላዋል።
- የኮርቻውን ምሰሶ ይለኩ። 27.2 ሚሊሜትር ከሆነ ፍሬሙ ከጥሩ ስስ ቱቦ ስለመሠራቱ አንድ ፍንጭ ነው። ከዚያ በጣም የቀጠነ ምሰሶ ብዙውን ጊዜ ወፍራምና ርካሽ ቱቦን ያመለክታል።
- የኋላ ጎማ የሚገባበትን ክፍተት ይለኩ። 120 ወይም 126 ሚሊሜትር የቆየ ሥራ ነው፤ ኋላ የተለመደው 130 ነው። ገዢው የትኛው ጎማ እንደሚገባለት የሚያውቀው ከዚህ ነው።
- የታተመውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ይገኛል። ቀለም ሞልቶት ከሆነ በጥፍርዎ እንጂ በቢላ አይፋቁት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፍሬሙ ላይ የለጠፉት የፋብሪካ ስም አዲስ የታተመ ተለጣፊ ከሆነ "አዲስ የተለጠፈ ነው" ብለው ይናገሩ። የማን ሥራ መሆኑን በማያውቁት ፍሬም ላይ የታዋቂ ፋብሪካ ስም ለጥፎ መሸጥ ማጭበርበር ነው።

ቀለሙ የሚሸፍነው

ፍሬሙን ፀሐይ ላይ አውጥተው መሪው ከሚገባበት አጭር ቱቦ ጀርባ፣ ሁለቱ ረጃጅም ቱቦዎች በሚገናኙበት አካባቢ በጣትዎ ይዳብሱ። እብጠት ወይም እንደ ጨርቅ እጥፋት ያለ ሽብሽባት ከተሰማዎ ፍሬሙ ከፊት ተመትቷል። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካም ከጎን ሆነው ይመልከቱ፤ ወደ ኋላ የተገፋ ሹካ የዚያው ግጭት ምስክር ነው።

ቀጥሎ ሲባጎ ያምጡ። ከኋላ ጎማ መያዣው አንዱ ጎን አስረው፣ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረው፣ በሌላው ጎን ያስሩት። ከኮርቻው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ ፍሬሙ ተጣሟል።

የኮርቻው ምሰሶ መንቀሳቀሱንም ያረጋግጡ። አሉሚኒየም በብረት ውስጥ ለዓመታት እርጥበት ካገኘው ይጣበቃል። ማስለቀቁ የገዢውን ቀናት ሊበላ ስለሚችል አስቀድሞ ማወቅ መብቱ ነው።

ከመቀባቱ በፊት ፎቶ አንሥተው ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ዝገቱንና ጭረቱን የሚያሳየው ፎቶ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ገዢን ያሳምናል። ገና ያልቀቡ ከሆነ ደግሞ ቢቆዩ ይሻላል። ብዙ ሰብሳቢዎች ከአዲስ ቀለም ይልቅ ጭረት ያለበትን የፋብሪካውን ቀለም ይመርጣሉ።

ማን ይገዛል? በስንት?

አሮጌ የብረት ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። በጣሊያን ቶስካና በ1997 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤሮይካ የተባለ የጉዞ በዓል የሚቀበለው በመሠረቱ እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የተሠሩ የጎዳና ብስክሌቶችን ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ በተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ላይ የሚነዱ ወጣቶች እየታዩ ነው።

ዋጋውን ሲያስቡ ግን ለቀለም ቀቢው፣ ለብየዳውና ለድካምዎ ያወጡትን ደምረው "ይህን ያህል ነው" አይበሉ። ገዢው የሚያየው የቱቦውን ዓይነት፣ መጠኑ ለቁመቱ መስማማቱንና የብረቱን ጤንነት ነው። የአባትዎ ትዝታም ለእርስዎ እንጂ ለእርሱ ዋጋ የለውም። ይህን መቀበል ከብዶዎት ከሆነ ልብዎ ገና አልሸጠውም ማለት ነው፤ ለጊዜው ግድግዳው ላይ ይቆይ።

ሲያስረክቡ

የፍሬሙን ቁመት ሲናገሩ ከየት እስከ የት እንደለኩ ይግለጹ፤ ከቱቦ መሐል እስከ መሐልና ከመሐል እስከ ጫፍ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። በመኪና ወይም በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ በኋላ ጎማ መያዣዎቹና በሹካው ጫፎች መሐል ልክ የሆነ እንጨት ያስገቡ፤ አለዚያ ሌላ ጭነት ሲጫነው ሊጨፈለቅ ይችላል። ያገኙትን ጉዳት ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፈው፣ ከድሮው ፎቶ ጋር ለገዢው ይስጡ። ታሪኩ የተጻፈበት ደብተር ግን ቤት ይቅር።

በመጨረሻም ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ "ይህን ፍሬም ጎማ አስገጥሜ የገዛ ልጄን ቁልቁለት አስነዳበታለሁ?" መልስዎ "አዎ" ከሆነ በልበ ሙሉነት ይሽጡት። ካመነቱ የሚያውቅ መካኒክ ያሳዩት። መልሱ "አይ" ከሆነ ደግሞ "ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለመንዳት አይሆንም" ብለው በጽሑፍ አስፍረው በቅናሽ ይሽጡት። ገንዘቡ ያንሳል፤ ማታ ግን በሰላም ይተኛሉ።